ሣጥኑ በበሩ አልገባ፣ ግድግዳው ብሎን አልይዝ ሲል፦ ከጀጎል ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሐረር ጀጎል ውስጥ በአንድ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ኤግዚቢሽን እያዘጋጀን ነው። በእጅ የተጻፉ የቁርኣን ቅጂዎች፣ የሣር ስፌቶች፣ የብር ጌጣጌጦች፣ የድሮ አልባሳትና ጥቂት ፎቶግራፎች አሉን። ሊከፈት 9 ቀን ቀርቶታል። ድሬዳዋ ካሠራናቸው አራት የመስታወት ሣጥኖች ትልቁ በ4 ሴንቲ ሜትር ተርፎ በውስጠኛው በር አልገባም አለ። ግድግዳው ፊሸር አይይዝም፤ በበሳነው ቁጥር ይፈርሳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ለጽሑፎቹ ባሰብነው ቦታ ላይ ታርፋለች። የገቡት ሣጥኖች ውስጥ ደግሞ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ አለ። ኃላፊያችን የበሩን መቃን ትንሽ እንጥረበው ይላሉ። ከየቱ እንጀምር?»

ከሽታው ጀምሩ። ግር እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ እንቅልፍ የነሣችሁ ደጅ ላይ የቆመው ሣጥን ነው። ነገር ግን በሩ፣ ግድግዳውና ፀሐይዋ የሚታዩ ችግሮች ናቸው፤ የሚታይ ችግር ሁሉም ስለሚያየው መላ አያጣም። ሽታውን ግን በሦስተኛው ቀን አፍንጫ ይለምደዋል። ከዚያ ሣጥኑ ይቆለፋል፣ እንግዳ ይጠራል፣ ጉዳቱም በተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

የሚሸተው መስታወቱ የተያያዘበት ሲሊኮን ነው። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው ያው አሲድ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢሆን በነፋስ ይሄዳል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ግን መውጫ የለውም። እርሳስን ቀድሞ ይበላል፣ መዳብንና መዳብ ያለበትን ቅይጥ ያበላሻል፣ ዛጎልን ሳይቀር ነጭ ዱቄት ያስተፋዋል። የብር ጌጦቹም መዳብ የተቀላቀለባቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ «ብር ነው፣ ምን ይሆናል» አትበሉ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ኤግዚቢሽን ሽታውን ንቀን አንዲት ትንሽ የእርሳስ ማኅተም እንደዚህ ያለ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥን። ከስድስት ወር በኋላ ክዳኑን ስከፍት የማኅተሙ ጠርዝ ውርጭ የመታው ይመስል ነበር። በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ነካ ሳደርገው ነጩ ዱቄት ብቻውን አልተነሣም፤ የአንዱ ፊደል ግማሽ አብሮት መጣ። ያን ፊደል የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሲሊኮኑን በምላጭ አስፍቃችሁ አውጡ። በምትኩ ኒውትራል የሚል የተጻፈበትን ገዝታችሁ አሠሩ፤ እርሱ አሲድ አይለቅም። ድሬዳዋም ሐረርም ካላገኛችሁ ያለ ሲሊኮን መሥራት ይቻላል፦ መስታወቱን ከውስጥና ከውጭ በቀጭን የእንጨት ጠርዝ አጣብቆ በትንንሽ ብሎን መያዝ። አቧራ ትንሽ ይገባል፤ አቧራ ግን ይጠረጋል። የሣጥኑ ወለል ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነም እርሱ ራሱ ጎጂ ትነት አለው። በወፍራም የአሉሚኒየም ወረቀት ጠርዞቹን እያደራረባችሁ ሸፍኑትና በላዩ ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ አንጥፉ። አዲስ አቡጀዲ ማጠንከሪያ ስላለበት ሳይታጠብ አይነጠፍ፤ ሲታጠብም በደንብ ይለቅለቅ። የሱፍ ጨርቅና ከጀርባው ላስቲክ ያለበት ምንጣፍ ብር ያጠቁራሉ፤ ከጌጦቹ አርቋቸው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሣጥኑን ባዶውን ማታ ዝጉት፤ ጠዋት ከውጭ የመጣ፣ ሌሊቱን እዚያ ያላደረ ሰው ይክፈተውና ያሽተው። ምንም ካልሸተተው እንቀጥላለን። ከሸተተው አንድም ቅርስ አይግባበት።

አሁን ወደ በሩ። የበሩን መቃን አትንኩ። ለኃላፊያችሁ በአክብሮት እንዲህ ብላችሁ ንገሩልኝ፦ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በግንቡና በበሮቹ ብቻ ሳይሆን በቤቶቹም ጭምር ነው። ለማሳየት ካሰባችሁት ሁሉ የመጀመሪያው ቅርስ ቤቱ ነው። መለያ ቁጥር ስላልተለጠፈበት ብቻ ዕቃ ማስቀመጫ አድርገን እናየዋለን። ሣጥኑ የዛሬ ወር የተበየደ ብረት ነው፤ መቆረጥ ያለበት እርሱ ነው።

ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይደለም። ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ወርድ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ለኩ፤ የአሮጌ ቤት በር ሦስቱም ቦታ ላይ እኩል ሆኖ አላየሁም። ቀጥሎ በቀጫጭን እንጨት የሣጥኑን ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት የያዘ ባዶ ቅርጽ ቸንክሩ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሁለት ሰዎች ያንን ቅርጽ ይዘው ቆሞም፣ ተጋድሞም፣ በሰያፍም እያዞሩ በበሩ ያሳልፉት። ቅርጹ ከተጋጨ የሚሰበረው የአንድ ብር እንጨት እንጂ መስታወት ወይም ኖራ አይደለም። እኔ በዚህ መንገድ «አይገባም» ከተባሉ ሣጥኖች ብዙዎቹ ሲገቡ አይቻለሁ፤ እግራቸው ሲፈታ፣ ራሳቸው ቀድሞ ሲገባ፣ ወይም መስታወቱ ወጥቶ ለብቻው ሲጓዝ። መስታወት ስትሸከሙ በጠርዙ እንደቆመ ይሁን፤ አጋድማችሁ ከያዛችሁት በገዛ ክብደቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

እንጨቱም ካልገባ ሣጥኑን ከጀጎል ውጭ ወዳለ ብረታ ብረት ቤት መልሱት። አግድም ብረቶቹ ከመካከል ተቆርጠው በየመገጣጠሚያው ጠፍጣፋ ብረት ይበየድና በብሎን ይታሰሩ። ሁለት ግማሽ ሆኖ ይገባል፤ ውስጥ ይጋጠማል። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃም ሳይሰበር ይወጣል፤ ስለ መውጫው ግን ሲገባ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ብየዳ በምንም ምክንያት ቤቱ ውስጥ አይደረግም። ጣሪያው የተረበረበ ደረቅ እንጨት ነው፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ከብየዳው በኋላ የሚቀባውን ቀለም በተመለከተ፣ አዲስ ቀለም ሙሉ በሙሉ እስኪተን ሳምንታት ይፈጃል። እናንተ ሳምንታት የላችሁም፤ ስለዚህ የሚቀባው የሣጥኑ የውጭ ገጽ ብቻ ይሁን፣ ውስጡ እንዳለ ይቅር።

ከእንጨት የተሠሩት የሣጥን መዝጊያዎች አልዘጋ ካሏችሁ ለመላግ አትቸኩሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃትና ደረቅ ከተማ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በደንገጎ ዳገት የወጣ እንጨት የአዲሱን ቦታ አየር እስኪለምድ ያብጣል ወይም ይጣመማል። ሦስት ቀን ስጡት። በመጀመሪያው ቀን የተላገ መዝጊያ በሌላ ወቅት ጠርዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊከፍት ይችላል።

ወደ ግድግዳው ልምጣ። እዚህ ላይ ትራፓኖውን አሁኑኑ ከግድግዳው አርቁልኝ። ፊሸር የተሠራው ለኮንክሪትና ለብሎኬት ነው፤ ብሎኑ ሲገባ ያብጥና ጠንካራውን ግድግዳ በግፊት ይይዛል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ግን በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ሆኖ በላዩ በኖራ የተለሰነ ነው። መሰርሰሪያው ድንጋይ ላይ ካረፈ ድንጋዩን ያንገጫግጨዋል፣ ያላላዋል፤ ጭቃው ላይ ካረፈ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣቶች ያህል ጠንከር ይልና ድንገት ባዶ ይሆናል፤ ደረቁ ጭቃ እንደ በሶ እየተንዠቀዠቀ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ያ የሚወርደው ዱቄት ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ያያያዘው ነው። ፊሸሩ ባበጠ ቁጥር የበለጠ ያፈርሰዋል። ትልቅ ፊሸር መፍትሔ የሚመስላችሁ ከሆነ ትልቅ ቀዳዳ ብቻ ታተርፋላችሁ።

እስካሁን የበሳችሁትን በሲሚንቶ አትድፈኑት። ሲሚንቶ ከጭቃውም ከኖራውም በላይ ጠንካራ ነው፤ እርጥበት በእርሱ ስለማያልፍ በዙሪያው ይጠራቀምና ልስኑን ያስነሣዋል። የጀጎልን ቤት ጠግኖ የሚያውቅ አንድ አዛውንት ግንበኛ ጥሩና በኖራና በአሸዋ ይሙላላችሁ። ግማሽ ቀን አይፈጅባቸውም፤ እግረ መንገዳቸውንም ግድግዳው የት ጋ እንደተነፋ፣ የት ጋ እርጥበት እንደሚያስገባ በጣታቸው እየመቱ ያሳዩአችኋል። ያንን የሚነግራችሁ መሣሪያ የለም።

ታዲያ በምን ይሰቀል? ቤቱን ተመልከቱት። የሐረሪ ቤት ከጥንቱም ዕቃውን የሚያሳይ ቤት ነው፦ ስፌቱ በግድግዳው ላይ ይደረደራል፣ ጥልቅ መደርደሪያዎች ግድግዳው ውስጥ ተሠርተዋል፣ ነደባው፣ ማለትም የመቀመጫ መደቡ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። ለስፌት የሚሆን ማንጠልጠያ በግድግዳው ላይ ከነበረ ቀላል ስፌት እርሱ ላይ ይዋል፤ ግድግዳ ውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች ትንንሽ ነገሮችን ይያዙ፤ ነገር ግን የውጭ ግድግዳ ላይ ያሉትን አስቀድማችሁ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆኑ ወረቀት አይቀመጥባቸውም። ለተቀረው፣ ማለትም ለፎቶግራፎቹና ለጽሑፍ ሰሌዳዎቹ፣ ራሱን ችሎ የሚቆም መስቀያ ሥሩ። ሁለት የኮምፔንሳቶ ሰሌዳዎችን በማጠፊያ አገናኝታችሁ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ብታቆሟቸው ግድግዳ ሳይነኩ ይቆማሉ። ከኋላቸው እግራቸው ላይ የአሸዋ ከረጢት ይጫን። ከረጢቱን መኪና ግርግር በሚባለው የጀጎል መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ከጠንካራ ጨርቅ በግማሽ ቀን ይሰፋላችኋል፤ አሸዋው ታጥቦ የደረቀ ይሁን። ሰሌዳውን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ሕፃን ልጅ ቢደገፍበት እንደማይወድቅ ሳታረጋግጡ ፎቶግራፍ አትስቀሉበት።

የነደባው ቀይ አፈር ነጭ ጥጥ ሲነካው ይይዛል። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት የሐረር ሰዎች መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል፤ ስለዚህ እርሱንም በፕላስቲክ ምንጣፍ መሸፈን አልወድም። አልባሳቱን ከወለሉ ከፍ አድርጓቸው፤ ከሣጥኖቹና ከመስቀያዎቹ እግር ሥር ወፍራም ንጹሕ ካርቶን ይግባ። ጎብኚውም ጫማውን ደጅ ቢያወልቅ ለቤቱም ወግ ነው፣ አቧራም ይቀንሳል።

ስለ ፀሐይዋ፦ በግምት አትሂዱ። ነገ አንድ ሰው ይመደብ። ጠዋት 1 ሰዓት ይጀምርና እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ያረፈበትን ዳር በጠመኔ ያስምር፤ ሰዓቱንም ከጎኑ ይጻፍ። ግድግዳው ላይ ምንም አይጻፍ፤ እዚያ ያረፈውን ከአንድ ቦታ ሆኖ በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ማታ ላይ ወለሉን ስታዩት ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ የሄደችበት መንገድ ተሥሎ ታገኙታላችሁ። ይህን ሳደርግ አንድ ጊዜ እንኳ ያልገረመኝ ክፍል የለም፤ ጥላ ነው ያልነው ጥግ ለ20 ደቂቃ በቀጥታ ሲመታ አይተናል። ኤግዚቢሽኑ ለወራት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፦ በሐረር ኬክሮስ ላይ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ዛሬ ጨለማ የሆነው የሰሜን መስኮት በግንቦት ፀሐይ ሊያስገባ ይችላል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ በቁጥር ላሳያችሁ። ለእጅ ጽሑፍ፣ ለፎቶግራፍና ለተነከረ ጨርቅ የተለመደው የብርሃን ልክ 50 ሉክስ ነው። በጠራ ቀን ደጅ ያለው ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ግማሹ ብቻ በመስኮት ቢገባ አንዱ ሰዓት የ1,000 ሰዓት ብርሃን ያህል ነው፤ በቀን 8 ሰዓት የሚከፈት ሙዚየም ያንን ለመጨረስ አራት ወር ይፈጅበታል። ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም ጨለማ ውስጥ ቢመለስም አያገግምም። ስለዚህ መጋረጃ ብቻ አይበቃችሁም። ቦታውን ቀይሩ። ጽሑፎቹ ጠመኔው ጨርሶ ወዳልደረሰበት ጎን ይዛወሩ። ብር ብርሃን ባይጎዳውም የተዘጋ የመስታወት ሣጥን ፀሐይ ላይ እንደ ምድጃ ስለሚግል ጌጦቹንም እዚያ አታድርጉ፤ ፀሐይዋ የምታርፍበት ቦታ የጎብኚ መቀመጫ ይሁን። በመስኮቱም ሁለት ድርብ አቡጀዲ ይንጠልጠል። ዘንጉን አትቸንክሩት፤ ከመስኮቱ ወርድ ትንሽ አስረዝማችሁ ጫፎቹን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ ብታስገቡት ይይዛል። የስልክ የብርሃን መለኪያ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፤ አንዱን ቦታ ከሌላው ለማነጻጸር ግን ይረዳል።

የቁርኣን ቅጂዎቹን ከማንም በፊት የሚነኩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ዛሬ ወስኑ። የአካባቢውን ሽማግሌዎች አማክሩ፤ ውዱእ (የጸሎት ትጥበት) ያላቸው፣ እጃቸው ንጹሕና ደረቅ የሆነ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ለወረቀት ጓንት አልመክርም፣ የጣትን ስሜት ይነሣል፤ ለብሩ ግን ጓንት ያስፈልጋል። ቅጂዎቹ ከወገብ ከፍ ብለው ይቀመጡ፣ ከበላያቸው ሌላ ዕቃ አይደርደር፣ ከእግር አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ነደባም አይሁኑ። ነደባው ራሱ የክብር ደረጃ አለው፤ የሐረር ሰው ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። መጽሐፉን ስትከፍቱ አስገድዳችሁ አትዘርጉት። ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፤ ጀርባው «በቃ» የሚልበት ቦታ በመዳፋችሁ ይሰማችኋል፤ እዚያው አቁሙና ለዚያው ስፋት የሚሆን ዘንበል ያለ መደገፊያ ከካርቶን ሥሩለት። አብዛኛው አሮጌ ጥራዝ ከ90 ዲግሪ ብዙ አልፎ መከፈት አይወድም። ከቆዳ ሽፋኑ ላይ የሚታጠፍ ክዳን ካለ ለእርሱም የራሱን መደገፊያ ስጡት፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አይቅር። ገጹን በየሦስት ወሩ ቀይሩ።

ስፌቶቹ ያልጠየቃችሁበት ጉዳይ ናቸው፤ እኔ ግን ሳልጠይቃችሁ አላልፍም። ከየቤቱ የተሰበሰቡ ከሆነ ነፍሳት ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። እያንዳንዱን ስፌት ለብቻው ነጭ ወረቀት ላይ አሳድሩት። ጠዋት አንሥታችሁ ስታዩ ወረቀቱ ላይ እንደ ጥሩ ዱቄት ያለ ነገር ካለ ተባዩ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ያንን ስፌት በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ከሌሎቹ ለዩት። ፀረ ተባይ አትርጩበት፤ መድኃኒቱ ቀለሙን ያበላሻል፣ ከዚያ በኋላ የሚነካውንም ሰው ይጎዳል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደታሸገ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ይድናል፤ ለመክፈቻው አይደርስም፣ ባይደርስም ምንም አይደለም። ከረጢቱ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ አይከፈት። ዶቃ፣ ዛጎል ወይም ቆዳ የተሰፋበትን ግን ባለሙያ ሳያየው አታቀዝቅዙ።

መብራት የሚቆራረጥና የሚወዛወዝ ስለሆነ ኤልኢዲ ተጠቀሙ፤ ትራንስፎርመሩ ከሣጥኑ ውጭ ይሁን። ለመክፈቻው ዕለት በባትሪ የሚሠሩ መብራቶች ይኑሩ። የመግለጫ ጽሑፎቹን ሐረሪኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚያነቡ ሦስት ሰዎች ሳይፈርሙባቸው አታሳትሙ። የቅርሱ መለያ ቁጥር ከቅርሱ ጋር ታስሮ ይጓዝ፤ ሲተከል ቁጥሩና ጽሑፉ ይመሳከር። ከቅርስ ላይ ቁራጭ ቢወድቅ በማጣበቂያ አትመልሱት፤ በፖስታ አድርጉ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉበት፣ ፎቶ አንሡ።

ቀኖቹን እንዲህ ባከፋፍላችሁ ደስ ይለኛል። እስከ አምስተኛው ቀን ቤቱ ውስጥ አንድም ቅርስ አይኖርም፤ አናጺው፣ ግንበኛውና መብራት ሠራተኛው ሥራቸውን ጨርሰው ይውጡ። በስድስተኛው ቀን በቅርሶቹ ምትክ ልካቸውን የያዙ ካርቶኖች ይደርደሩና ሁሉም ሰው እንደ ጎብኚ ይዙር፤ የሚያደናቅፈው፣ የሚጋጨው፣ የማይነበበው ያን ጊዜ ይወጣል። ወለሉ ተጠርጎ አቧራው አንድ ሌሊት ይረፍ። ቅርሶቹ የሚገቡት በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ በእርጋታ፣ አንድ በአንድ፣ መንገዱ ተጠርጎና በሮቹ ተይዘው። ትልቁ ሣጥን እስከ ሰባተኛው ቀን ካልገባ ወይም ሽታው ካልለቀቀ፣ ለእርሱ የታሰበውን መጽሐፍ አታውጡት። የገጹን ጥሩ ፎቶግራፍ አሳትማችሁ ቦታው ላይ ስቀሉና «ዋናው መጽሐፍ ማሳያው ሲዘጋጅለት ይቀርባል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ኃላፊያችሁ ደስ ላይላቸው ይችላል፤ ጎብኚው ግን በዚህ አይቀየምም። እኔ በሥራ ዘመኔ ባዶ ቦታ አይቶ የተቆጣ ጎብኚ አልገጠመኝም፤ የተጎዳ ቅርስ አይተው ያዘኑ የቅርሱ ባለቤቶች ግን ፊታቸው ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለ ትልቁ ሣጥን፣ የበሩን ሦስት ልኮችና የሣጥኑን አራት ማዕዘኖች ፎቶ ላኩልኝ፤ ብረቱ የት ጋ ቢቆረጥ እንደሚሻል ምልክት አድርጌበት በማግሥቱ እመልስላችኋለሁ።